ፊደሉ ከየት በኩል ይፍረስ?

(ጠባብ የሥራ ክፍል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ ስክሪን፣ ግድግዳው ላይ የተለጣጠፉ የመጽሐፍ ሽፋኖች። ዲዛይነሩ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ተቀምጧል። የእናቱ ወንድም ከኋላው ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ ግንበኛ ሆኖ ኖሮ በስተርጅና አንድ መጽሐፍ ጽፏል፤ የእህቱ ልጅ ደግሞ ሽፋኑን ሊሠራለት ቃል ገብቷል። ማተሚያ ቤቱ ሽፋኑን የሚጠብቀው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። አሁን አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ግንበኛውም ስክሪኑ ላይ ውሃ ልክ ለጥፎ እያየ ነው።)

ግንበኛው፦ ጠማማ ነው።

ዲዛይነሩ፦ አዎ፣ ጠማማ ነው።

ግንበኛው፦ ይኸው አመንክ። በል አቃናው።

ዲዛይነሩ፦ ሆን ብዬ እኮ ነው ያጣመምኩት!

ግንበኛው፦ ሆን ብለህ? እኔ አርባ ዓመት ስሠራ ያጣመመ ሁሉ «ሳላየው ነው» ሲል ነው የሰማሁት። ሆን ብዬ ነው ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ የነገረኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ።

ዲዛይነሩ፦ ጋሼ፣ ያንን ብረት ያንሱልኝ። ስክሪኑ ይጫራል።

ግንበኛው፦ ስክሪኑም ዘንበል ብሏል።

ዲዛይነሩ፦ ስክሪኑ አልዘነበለም!

ግንበኛው፦ አረፋዋን እያት፤ መሃል ላይ አይደለችም። ወደ ግራ ሸሽታለች።

ዲዛይነሩ፦ አረፋዋ ትሽሽ! እባክዎ ቁጭ ይበሉ። እዚህ፣ አጠገቤ። አንድ ነገር ላስረዳዎ፤ በትዕግሥት ይስሙኝ። ይሄ ከእርስዎ ሙያ ትንሽ ራቅ ያለ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምነግርዎ።

ግንበኛው፦ (ይቀመጣል) ቀስ በል። እኔም ቀስ ብዬ ነው የምሰማው።

ዲዛይነሩ፦ ድሮ ሽፋን ማለት ሥዕል ነበር። መጽሐፉ ስለ ግድግዳ ከሆነ ግድግዳ ተስሎ፣ ከላይ ርዕሱ ተጽፎ ያልቃል። እሱ ቀረ። አሁን ፊደሉ ራሱ ነው ሥዕሉ። «ሩጫ» ብለው ከጻፉ ፊደሉ ይሮጣል። «ብርድ» ካሉ ይንቀጠቀጣል። ፊደል ይናገራል ጋሼ!

ግንበኛው፦ ድሮስ ሥራው ምን ነበር?

ዲዛይነሩ፦ የምን ሥራ?

ግንበኛው፦ የፊደል። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ መምህሩ «ይህ ሀ ነው» አለን፤ «ሀ» አልን። እኛ እንናገረዋለን፣ እሱም ያናግረናል። ያኔ ዲዛይነር አልነበረም።

ዲዛይነሩ፦ እሱ ድምፁ ነው! እኔ የማወራው ስለ ስሜቱ ነው። እስቲ አንድ ቃል ይስጡኝ፤ ማንኛውንም።

ግንበኛው፦ ረሃብ።

ዲዛይነሩ፦ ይቀጥናል። ጎኑ ይገባል፤ አጥንቱ ይቆጠራል።

ግንበኛው፦ ጥጋብ።

ዲዛይነሩ፦ ያብጣል! ከወረቀቱ ጠርዝ ያልፋል።

ግንበኛው፦ እንቅልፍ።

ዲዛይነሩ፦ ይጋደማል። ገባዎት አይደል? እንዴት ደስ ይላል!

ግንበኛው፦ ኮሚቴስ?

ዲዛይነሩ፦ (ያስባል) ኮሚቴ… ኮሚቴ እንኳ…

ግንበኛው፦ እሱም ይጋደማል።

ዲዛይነሩ፦ ጋሼ፣ ቀልዱን ይተዉት፤ ሰዓት የለንም። እኔ እኮ በዚህ ሥራ የታወቅኩ ነኝ። ያንን ስለ ጉም የሚያወራውን መጽሐፍ አይተውታል? ሽፋኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ነጭ በነጭ ላይ! ርዕሱ አይታይም፣ የደራሲው ስም አይታይም፣ ምኑም አይታይም።

ግንበኛው፦ ታዲያ ሰው እንዴት አገኘው?

ዲዛይነሩ፦ አላገኘውም። ደራሲው ራሱ መጻሕፍት መደብር ገብቶ ፈልጎ ፈልጎ አጥቶት ወጣ። ይሄ ነው ጥበብ ማለት! ጉሙን በራሱ ላይ አየው።

ግንበኛው፦ አመሰገነህ?

ዲዛይነሩ፦ ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም። (ጉሮሮውን ይጠርጋል) አሁን ወደ እርስዎ እንመለስ። ርዕሱ «ግድግዳው ለምን ፈረሰ» ነው። ሦስት ቃል። በሦስት ረድፍ አንዱን በአንዱ ላይ ደረደርኩት። ከላይ «ግድግዳው»፣ መሃል «ለምን»፣ ታች «ፈረሰ»። እያንዳንዱን ፊደል ብሎኬት አደረግኩት።

ግንበኛው፦ ብሎኬት መሆኑን አይቻለሁ። የስንት ነው?

ዲዛይነሩ፦ የስንት ማለት?

ግንበኛው፦ የአስራ አምስት ነው፣ የሃያ?

ዲዛይነሩ፦ መቶ ሃያ ነው ያደረግኩት።

ግንበኛው፦ የመቶ ሃያ ብሎኬት! (ራሱን ይይዛል) ማን አባቱ ነው እሱን የሚሸከመው?

ዲዛይነሩ፦ የፊደል መጠን ነው ጋሼ! ፊደል አይከብድም!

ግንበኛው፦ እሺ። ከላይ አምስት ፊደል አለ፤ ታች ሦስት። አናቱ ሰፍቶ እግሩ የጠበበ ግንብ አይቆምም።

ዲዛይነሩ፦ እሱን አስቤበታለሁ። የታችኞቹን ወፈር አድርጌ ከላይኛው ጋር እኩል አስፍቻቸዋለሁ።

ግንበኛው፦ ጎሽ! ይሄን እንኳ አወቅክ። በረድፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ግን ምንድን ነው?

ዲዛይነሩ፦ አየር። ፊደል መተንፈስ አለበት።

ግንበኛው፦ ስሚንቶ የለበትም?

ዲዛይነሩ፦ የለበትም።

ግንበኛው፦ አየር ላይ ነው የደረደርከው?

ዲዛይነሩ፦ አየር ላይ ነው።

ግንበኛው፦ ታዲያ ቢፈርስ ምን ይደንቃል? ርዕሱንማ «ግድግዳው እስካሁን እንዴት ቆመ» ማለት ነበረብኝ።

ዲዛይነሩ፦ (ፊቱን በእጁ ይሸፍናል) በእናቴ፣ እኔ ዛሬ ልሞት ነው።

ግንበኛው፦ እናትህ እህቴ ናት፤ ተዋት። ይሄ ጥላ ደግሞ ለምን ወደዚያ ወደቀ?

ዲዛይነሩ፦ ፊደሎቹ ብቅ ብለው እንዲታዩ ነው።

ግንበኛው፦ ጊዜው ጠዋት ነው፣ ከሰዓት?

ዲዛይነሩ፦ ምንም አይደለም! ጌጥ ነው!

ግንበኛው፦ የፈረሰው ጠዋት ነው። ከሻይ በፊት። እኔ ጥላው ውስጥ ነበር የቆምኩት። በዚያ ሰዓት ጥላ የሚወድቀው ወደዚህ ነው።

ዲዛይነሩ፦ (እየተነፈሰ) እሺ። ጥላውን አዞርኩት። ይኸው። ሌላስ?

ግንበኛው፦ ይሄ ቀይ፣ አጎንብሶ ጥግ ላይ የቆመው ሰውዬ ማነው?

ዲዛይነሩ፦ ሰውዬ አይደለም፤ የጥያቄ ምልክት ነው።

ግንበኛው፦ ማን ጠየቀ?

ዲዛይነሩ፦ መጽሐፉ ነዋ። ግድግዳው ለምን ፈረሰ?

ግንበኛው፦ እኔ መች ጠየቅኩ? ለምን እንደፈረሰ አውቃለሁ። ሌሊት ሌሊት እየነቃሁ ሦስት ዓመት የጻፍኩት እኮ ለማያውቀው ልነግር ነው።

ዲዛይነሩ፦ ጥያቄ አንባቢን ይስባል።

ግንበኛው፦ አንሳው።

ዲዛይነሩ፦ በጣም የለፋሁበት…

ግንበኛው፦ አንሳው አልኩህ!

ዲዛይነሩ፦ አነሳሁት! (ቁልፍ ይመታል፤ ሰውዬው ይጠፋል) አሁን ግን ዋናውን ይዩልኝ። ይሄን ሲያዩ እንደሚያቅፉኝ አውቃለሁ። የላይኛው ረድፍ ይሰነጠቃል። «ግ» ትንሸራተታለች፣ «ድ» ትከተላታለች፣ ተንከባለው «ለምን»ን ይመቱታል፣ ሁሉም ተያይዘው «ፈረሰ» ላይ ይከመራሉ። ከላይ ወደ ታች! ናዳ! ያየ ሰው ዓይኑ አብሮ ይወድቃል።

(ግንበኛው መነጽሩን ያደርጋል። ለረጅም ጊዜ ያያል። ዲዛይነሩ ሊታቀፍ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።)

ግንበኛው፦ ከላይ ነው የሚጀምረው?

ዲዛይነሩ፦ ከላይ።

ግንበኛው፦ ታችኛውስ?

ዲዛይነሩ፦ ታችኛው ምንም አይሆንም፤ ይቀበራል እንጂ።

ግንበኛው፦ ከላይ አይደለም።

ዲዛይነሩ፦ ጋሼ፣ ይሄ ጥበብ ነው። የምህንድስና ሪፖርት አይደለም። ከየትም በኩል ቢፈርስ ያው ፈረሰ ነው!

ግንበኛው፦ እስቲ ድገመው።

ዲዛይነሩ፦ ከየትም በኩል ቢፈርስ…

ግንበኛው፦ ያው ፈረሰ ነው። (መነጽሩን ያወልቃል) ይቺን ቃል የት እንደሰማኋት ታውቃለህ? አምስት ሰዎች ኮታቸውን ለብሰው መጡ። አጣሪ ኮሚቴ ነን አሉ። ፍርስራሹ ጠርዝ ላይ ቆሙ፤ አንዱም ወደ ታች አልወረደም፤ ጫማቸው እንዳይቆሽሽ። «መሠረቱን እዩት» ብዬ ጮህኩ። አንደኛው ምን አለኝ? «ከየትም ቢፈርስ ያው ፈርሷል፣ አባት» አለኝ። ከዚያ ሄደው ጻፉ፦ ሠራተኞቹ ከላይ ብሎኬት አብዝተው ስለጫኑ ነው። ከላይ የነበሩት ሦስት ናቸው። ሦስቱም ሞተዋል። የሞተ ሰው ደግሞ «ኧረ እኔ አልጫንኩም» አይልም። የአንደኛው ሚስት እስከ ዛሬ ድረስ ገበያ ስትሄድ «ግድግዳ የጣለው ሰውዬ ሚስት» ይሏታል። ልጆቿ ፊት!

ዲዛይነሩ፦ (ወንበሩ ላይ ቀና ይላል) እኔ ይሄን…

ግንበኛው፦ አንተ ደግሞ ያንን ወረቀት በቀለም አሳምረህ፣ ጥላ አድርገህለት ሠራህልኝ። ከላይ ያሉት ናቸው የጣሉት እያልክ! ጠዋቱን ሙሉ ፊደል ይናገራል ስትለኝ ዋልክ፤ ምን እያለ እንደሆነ ግን አልሰማኸውም።

(ዲዛይነሩ ዞሮ ስክሪኑ ላይ ያለውን ናዳ ያያል።)

ግንበኛው፦ አንብበኸዋል?

ዲዛይነሩ፦ ምኑን?

ግንበኛው፦ የምን ምኑን! መጽሐፉን!

ዲዛይነሩ፦ አንብቤያለሁ። ማለት… የጀርባውን።

ግንበኛው፦ የጀርባውን ማን ጻፈው?

ዲዛይነሩ፦ እኔ።

ግንበኛው፦ ከምን ተነስተህ?

ዲዛይነሩ፦ ከርዕሱ።

ግንበኛው፦ (ቀስ ብሎ) አንብብልኝ።

ዲዛይነሩ፦ ይቅርብዎ።

ግንበኛው፦ አንብብ!

ዲዛይነሩ፦ (በቀጭን ድምፅ) «በአንድ ሕንፃ አናት ላይ የተጀመረ ፍቅር በአንድ ግድግዳ ሥር ተቀበረ…»

ግንበኛው፦ የማን ፍቅር?

ዲዛይነሩ፦ የሆነ ሰው… አይኖርም?

ግንበኛው፦ ስሚንቶ ስንሸከም ነው የዋልነው! ማን ማንን ነው የሚያፈቅረው? አሸዋውን?

ዲዛይነሩ፦ ፍቅር ከሌለበት ሰው አያነሳውም ብዬ ነው።

ግንበኛው፦ ቀጥል።

ዲዛይነሩ፦ «ሠራተኞች ከላይ በጫኑት ክብደት የተደረመሰው ይህ ግንብ…» (ያቆማል) ይሄን ከድሮ ጋዜጣ ነው ያገኘሁት። ኢንተርኔት ላይ።

ግንበኛው፦ እኔ በእጄ የጻፍኩት መጽሐፍ ቤትህ ተቀምጦ፣ የድሮ ጋዜጣ! ረቂቁ የት አለ? ከወር በፊት በፌስታል ጠቅልዬ የሰጠሁህ?

ዲዛይነሩ፦ እዚሁ አለ።

ግንበኛው፦ የት?

ዲዛይነሩ፦ እዚሁ ነው ያለው፤ ምን ያስቸኩላል…

ግንበኛው፦ የት ነው?

(ዲዛይነሩ በዓይኑ ወደ ስክሪኑ እግር ያመለክታል። ግንበኛው ጎንበስ ብሎ ያያል። ሁለት መቶ ገጽ ረቂቅ፣ ከነፌስታሉ፣ በስክሪኑ ግራ እግር ሥር ተወትፏል።)

ግንበኛው፦ ዘንበል ብሏል አላልኩህም?

ዲዛይነሩ፦ አንገቴን ሲያመኝ ከፍ እንዲልልኝ ብዬ ነው… ሙሉውን ማስገባት ስላልቻልኩ በአንድ በኩል…

ግንበኛው፦ አንገትህን። (ረቂቁን ጎትቶ ያወጣል፤ በእጅጌው አቧራውን ይጠርጋል) ቢያንስ ጭነት የቻለ መጽሐፍ ነው።

ዲዛይነሩ፦ ጋሼ፣ ይምቱኝ።

ግንበኛው፦ ሰዓት የለንም ብለሃል። ቁጭ በል። ያንን ማውስ የምትሉትን አይጥህን ያዝ። የላይኛውን ረድፍ አቃና።

ዲዛይነሩ፦ (ይሠራል) አቃናሁ።

ግንበኛው፦ መሃለኛውንም።

ዲዛይነሩ፦ እሱንም አቃናሁ። አሁን ግን ባዶ ሆነ እኮ። ቀጥ ያለ ርዕስ፣ የመማሪያ መጽሐፍ መሰለ።

ግንበኛው፦ አትቸኩል። አሁን ወደ ታች ውረድ። ወረድክ?

ዲዛይነሩ፦ ወርጃለሁ።

ግንበኛው፦ «ፈ»ን ተዋት። «ረ»ንም ተዋት፤ ደህና ናት። የጥጓን «ሰ» ያዛት። ከሥሯ ጀምር።

ዲዛይነሩ፦ ልሰንጥቃት?

ግንበኛው፦ አትሰንጥቃት! ስሚንቶ ያነሰው ግንብ እንደ ብርጭቆ አይሰነጠቅም። በጣትህ ስትነካው ይረግፋል። እንደ ደረቅ ዳቦ። አርግፋት።

ዲዛይነሩ፦ እንዲህ? ወደ ነጥብ ነጥብ ልቀይራት… እግሯ እየበነነ…

ግንበኛው፦ ትንሽ ጨምር። በቀኝ በኩል። ጨምር… በቃ! እዚያ ላይ አቁም።

ዲዛይነሩ፦ የላይኞቹን ትንሽ ላዘንብላቸው? ለምልክት ያህል?

ግንበኛው፦ እንዳትነካቸው።

ዲዛይነሩ፦ ሥራቸው እኮ ሄዷል ጋሼ። አሁን ሊወድቁ ነው።

ግንበኛው፦ እነሱ መች አወቁ?

(ዲዛይነሩ እጁን ከአይጡ ላይ ያነሳል። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ከርቀት ያያል። የላይኞቹ ሁለት ረድፎች ቀጥ ብለው፣ ጥርት ብለው ቆመዋል። ከታች አንዲት ፊደል ብቻ በዝምታ ወደ ዱቄት ትቀየራለች።)

ዲዛይነሩ፦ ጋሼ… ምንም አልሰሙም።

ግንበኛው፦ አልሰሙም። አንደኛው ያፏጭ ነበር።

(ዲዛይነሩ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ይመልሳል።)

ዲዛይነሩ፦ እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ግንበኛው፦ አሁንም አልሠራህም፤ አይጡን ነው የያዝከው።

ዲዛይነሩ፦ (ሳይወድ ይስቃል) እሺ፣ ይሁን። አንድ ነገር ቀረን፤ ስምዎ። ከላይ፣ እዚህ ሰፊው ቦታ ላይ ላድርገው፤ በትልቁ። ደራሲ ስሙ ከላይ ሲሆን ነው የሚከበረው።

ግንበኛው፦ ታች አድርገው። ከምትረግፈዋ ፊደል ሥር።

ዲዛይነሩ፦ እዚያ? ዱቄቱ ላይ? ያየ ሰው ሁሉ እርስዎ ያፈረሱት ነው የሚመስለው!

ግንበኛው፦ ጥሩ። አሁን ፊደልህ ተናገረ።

ዲዛይነሩ፦ ምን ማለትዎ ነው?

ግንበኛው፦ ያንን ጥግ የገነባሁት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ። አሸዋው በዝቷል ብዬ ተናገርኩ፤ አንድ ጊዜ። ኃላፊው «አንተ ገንባ፣ ማሰቡን ለእኛ ተው» አለኝ። ተውኩለት። ደሞዜን ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ በሙሉ አለ፤ የኃላፊውም ስም፣ የእኔም ስም። (ረቂቁን ጭኑ ላይ ያስቀምጥለታል) አንገትህ ካልታመመ አንብበው።

(የጠረጴዛው ስልክ ይጮኻል። ዲዛይነሩ ረቂቁን እንደያዘ ያነሳዋል።)

ዲዛይነሩ፦ አቤት… አዎ፣ አውቃለሁ፣ ለስድስት ሰዓት ነበር። አይደርስም… አይ፣ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ… ነገ። የጀርባው ጽሑፍ ውሸት ነው፤ እንደገና እጽፈዋለሁ… መጽሐፉን ላነብ ነዋ! (ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ) እየሳቀብኝ ነው። ሽፋን ሠሪ ከመቼ ወዲህ ነው መጽሐፍ የሚያነበው ይለኛል።

ግንበኛው፦ ስቆ ይጨርስ።

ዲዛይነሩ፦ ወረፋችሁ ያልፋል፣ ማነው ሥራ ያስቆመው ይላል።

ግንበኛው፦ ግንበኛው በለው።

ዲዛይነሩ፦ (ወደ ስልኩ) ግንበኛው ነው ያስቆመው… (ሸፍኖ) ግንበኛ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሚያስቆመው ይላል።

ግንበኛው፦ ከዛሬ ጀምሮ በለው።

ዲዛይነሩ፦ ከዛሬ ጀምሮ ነው… እንዴ፣ እኔ ምኑን አውቄው? ዲዛይነሩማ እሳቸው ናቸው! እኔ ስሚንቶ አቡኪያቸው ነኝ። (ስልኩን ዘግቶ የመጀመሪያውን ገጽ ይገልጣል)

ግንበኛው፦ በል እንግዲህ፣ አሸዋውን እንዳታበዛ።